ገንዘቡን ብቻ ለምን አትሰጡም?

ከኢየሩሳሌም እስከ ኤላት በብስክሌት የወረድንበትን ፎቶ ከለጠፍኩ ወዲህ የውስጥ መስመሬ በጥያቄ ተጥለቅልቋል። ለሁላችሁም ለየብቻ መመለስ ስላልቻልኩ ተደጋግመው የመጡትን እዚሁ ልመልስ።

🚲 ጉዞው የማን ነው?

በዓረባ በረሃ፣ ኬቱራ በሚባል ኪቡጽ (የጋራ መኖሪያ መንደር) ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ1996 የተቋቋመ የአካባቢ ጥናት ማዕከል አለ፤ ዓረባ ኢንስቲትዩት ይባላል። እስራኤላውያን፣ ፍልስጤማውያንና ዮርዳኖሳውያን ተማሪዎች አብረው እየኖሩ ስለ ውሃ፣ ስለ ፀሐይ ኃይልና ስለ በረሃ እርሻ ይማሩበታል። እኔ የተሳተፍኩበት ጉዞ ለዚህ ተቋም ገንዘብ ማሰባሰቢያ ነው። ኢየሩሳሌም ያለው አሊን የተባለው የሕፃናት ማገገሚያ ሆስፒታልም እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ የራሱ የብስክሌት ጉዞ አለው። አሠራሩ ተቀራራቢ ነው፦ ተሳታፊው መመዝገቢያውን ከኪሱ ይከፍላል፤ በዚያ ላይ ከወዳጅ ዘመድ የተወሰነ ገንዘብ ሊሰበስብ ቃል ይገባል። ማደሪያው፣ ምግቡ፣ አጃቢ መኪናውና መካኒኩ የአዘጋጁ ድርሻ ናቸው።

💰 ታዲያ ገንዘቡን ብቻ ለምን አትሰጡም?

ከሁሉም የወደድኩት ጥያቄ ይሄ ነው። ሰጪዋ እኔ ብቻ ብሆን ኖሮ መልስ አልነበረኝም። ግን ከእኔ ኪስ የሚወጣው ጥቂቱ ነው፤ ብዙው የሚመጣው ብስክሌት ላይ ወጥተው ከማያውቁ ሰዎች ነው። የሥራ ባልደረቦቼና የአክስቴ ልጆች ስለዚህ ተቋም ሰምተው አያውቁም፤ ደብዳቤ ቢደርሳቸውም ሳያነቡት ይጥሉታል። እኔን ግን ያውቁኛል።

እኛ ዘንድ ብዙ ጊዜ ብድር ያለ ዋስ አይሰጥም። ዋሱም የሚያስይዘው ነገር ሊኖረው ይገባል። እኔ ያስያዝኩት እግሬን ነው። ታች ቤት ያሉት ጎረቤታችን «ከደረስሽ በኋላ ነው የምሰጠው ወይስ አሁን?» ብለው ጠየቁኝ። «አሁን ይስጡኝ፤ ከተቀበልኩ በኋላ ማቋረጥ አይቻለኝም» አልኳቸው። ሳቁና ሰጡኝ። ተቋሙ ምን እንደሚሠራ የጠየቁኝ ገንዘቡን ከሰጡ በኋላ ነው፤ ዛሬ ስለ ዓረባ ውሃ ከእኔ በላይ ያወራሉ። ከአንድ ሰው ቼክ ይልቅ የብዙ ሰው ሃምሳ ሃምሳ ሸቀል ለተቋሙ የሚጠቅመው ለዚህ ይመስለኛል፦ ገንዘቡ ያልቃል፣ ስሙን የሚያውቁት ሰዎች ግን ይቀራሉ።

🏜 መንገዱ ምን ይመስላል?

ከኢየሩሳሌም ተራሮች ወደ አሽቀሎን ስትወርዱ በረሃ የሚባል ነገር የለም። ከኢትዮጵያ የመጣው የእኛ ሰው በብዛት የሚኖርበት አገር ነው፤ እርሻ፣ ፎቅ፣ አውቶቡስ። ከዚያ ወደ ደቡብ ሲታጠፉ መሬቱ ቀስ በቀስ ይራቆታል። ስዴ ቦከር ላይ ቆመን የመጀመሪያውን የእስራኤል ጠቅላይ ሚኒስትር የቤን ጉሪዮንን መቃብር አየን። ሰውዬው እ.ኤ.አ. በ1953 ሥልጣን ለቆ እዚያ ኪቡጽ ገባ፤ በ1973 ሲሞትም ከባለቤቱ ከፓውላ አጠገብ፣ የጺን ሸለቆ አፋፍ ላይ ተቀበረ።

ዋናው ዳገት ወደ ሚጽፔ ራሞን የሚወስደው ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል ከ800 ሜትር በላይ ናት። እዚያ ሰንበትን አረፍንና በማግሥቱ ማክቴሽ ወደሚባለው ግዙፍ ጉድጓድ ወረድን። ብዙዎቻችሁ «እሳተ ገሞራ ነው?» ብላችሁኛል። አይደለም፤ ከሰማይ የወደቀ ድንጋይ የቆፈረውም አይደለም። ከላይ ጠንካራ የኖራ ድንጋይ፣ ከሥር ለስላሳ የአሸዋ ድንጋይ ነበረ። ውሃ የላዩን ሰንጥቆ ሲገባ የሥሩን ጠርጎ ወሰደው። የቀረው ጉድጓድ ርዝመቱ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ጥልቀቱ እስከ 500 ሜትር ነው። ቁልቁለቱ ጠመዝማዛ ስለሆነ እግር አርፎ ፍሬን የያዘው ጣት ይደክማል።

ዓረባ ሸለቆ ከገባችሁ በኋላ ነፋሱ አብዛኛውን ጊዜ ከሰሜን ስለሚነፍስ ከጀርባ ይገፋችኋል። ችግሩ ግራር ነው። እሾሁ ከመንገድ ዳር ተነስቶ ጎማ ይበሳል፤ መለዋወጫ ጎማና ፓምፕ ሳይይዝ የሚነሳ የለም።

💧 ሙቀቱንና ጥሙን እንዴት ቻላችሁት?

ማለዳ ጎህ ሳይቀድ እየተነሳን። ደረቅ አየር ያታልላል፤ ላቡ ወዲያው ስለሚተን ያላላባችሁ ይመስላችኋል። የሚያስታውቀው ልብስ ላይ የሚቀረው ነጭ የጨው መስመር ነው። ስለዚህ ሳይጠማችሁ ትጠጣላችሁ። ውሃ ብቻ አብዝቶ መጠጣትም አደገኛ ነው፤ ደም ውስጥ ያለውን ሶዲየም ያቀጥናል። ጨውም አብሮ መግባት አለበት።

👵🏾 «እናትሽ ምን አለች?»

ከመሄዴ በፊት «አንቺ ልጅ፣ በረሃ ለመዝናኛ ይገባል እንዴ?» አለችኝ። እናቴ ወደ እስራኤል ለመምጣት ከጎንደር እስከ ሱዳን በእግራቸው ከወጡት ናት። በዚያ መንገድና በሱዳን መጠለያዎች ወደ 4,000 የሚጠጉ ወገኖቻችን እንደሞቱ ይገመታል፤ መታሰቢያቸው ኢየሩሳሌም ሄርዝል ተራራ ላይ ቆሟል። ይህን ለምታውቅ ሴት ስለ ስፖርት ማስረዳት ከበደኝ።

ከመንገድ ቪዲዮ ስልክላት አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።
«ያ ከኋላችሁ የሚሄደው መኪና የማን ነው?»
«የእኛው ነው፤ የደከመውን ያነሳል።»
«እንግዲያማ በረሃ አይደለም» አለች።

ልክ ናት። በየተወሰነ ርቀት ውሃና ቴምር የሚጠብቀው፣ ማታ ገላውን ታጥቦ የሚተኛ ሰው በረሃ ተሻገርኩ አይልም። ስለዚህ «ጀግና» የምትሉኝ፣ ፍቅራችሁን ተቀብያለሁ፣ ቃሉን ግን ለእሷና ለጓደኞቿ አቆዩት። እኔ ያስያዝኩት ትንሽ ነገር ነው፤ ሰው ያመነኝ ስለሚያውቀኝ ነው።

✅ መሄድ ለምትፈልጉ

• አንድ ቀን ብዙ ኪሎ ሜትር ከመንዳት ይልቅ በተከታታይ ቀናት መካከለኛ ርቀት መንዳትን ተለማመዱ። የሚፈትነው ትናንት የደከመ እግር ይዞ ዛሬ መነሳቱ ነው።
• ስፖንጅ ያለው የብስክሌት ቁምጣ ግዙ፤ ከሥሩ ሌላ የውስጥ ልብስ አይለበስም። ለውድ ብስክሌት ከምታወጡት ይልቅ ይሄ ይጠቅማችኋል።
• የማታ ልብስ ያዙ። ቀን ያቃጠለው በረሃ ፀሐይ ስትጠልቅ ይበርዳል።
• ከመመዝገባችሁ በፊት አዘጋጁን «ከመቶ ሸቀል ስንቱ ለተቋሙ ይደርሳል? መመዝገቢያው የጉዞውን ወጪ ይሸፍናል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። በግልጽ የማይመልስላችሁ ከሆነ ተዉት፤ በእናንተ ስም ነው የሚሰበሰበው።
• የምትጠይቋቸውን ሰዎች ዝርዝር ልምምድ ሳትጀምሩ ጻፉ። ገንዘቡ አስቀድሞ ከገባ ማለዳ ለመነሳት ሌላ ቀስቃሽ አያስፈልጋችሁም።

ለሚቀጥለው የምትመዘገቡ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። የመጀመሪያዋን ሃምሳ ሸቀል እኔ እሰጣለሁ፤ አሁኑኑ፣ ሳትደርሱ።