ጳጉሜን የሚያውቅ ሰዓት

ከኬንያዋ ሞያሌ ወደ ኢትዮጵያዋ ሞያሌ የሚሻገር ሰው የእጅ ሰዓቱን ቆጣሪዎች መንካት አያስፈልገውም። ሁለቱም አገሮች ከግሪንዊች በ3 ሰዓት ይቀድማሉ። አነጋገራቸውም ይገጥማል፤ በስዋሂሊም በአማርኛም የቀኑ አንድ ሰዓት ከንጋት ጀምሮ የሚቆጠር ነው። የማይስማማው ቀኑ ነው። በኬንያ በኩል ጃንዋሪ 7 ቀን 2025 የተባለው ማክሰኞ ከኬላው ማዶ ታኅሣሥ 29 ቀን 2017 ነበር፤ ያውም የገና በዓል። በሰዓቱ ገጽ ላይ ቀን የምታሳየው ትንሽ መስኮት ከሁለቱ ለአንዱ ወገን ሁልጊዜ ትዋሻለች።

ሰዓቱን ከንጋት መቁጠር በዚህ አካባቢ ልማድ ብቻ ሳይሆን ስሌቱም ያስኬዳል። ሞያሌ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 3.5 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ የዓመቱ ረጅም ቀን ከአጭሩ የሚበልጠው በ25 ደቂቃ ገደማ ብቻ ነው። ለንደን ላይ ግን የቀኑ ብርሃን በዲሴምበር ከ8 ሰዓት ያነሰ፣ በጁን ከ16 ሰዓት ተኩል የበለጠ ነው፤ እዚያ ንጋትን መነሻ ማድረግ አይቻልም። በ12 የተከፈለ የሰዓት ገጽ ላይ ደግሞ 6 ሰዓት ግማሽ ዙር ስለሆነ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር የተሞላ ሰዓት የሐበሻውንም ይናገራል፤ የሰዓት ቆጣሪው ከሚያመለክተው ቁጥር ትይዩ ያለውን ማንበብ ነው።

ቀኑ ግን እንዲህ በቀላሉ አይፈታም። ይህን ከሚያሳዩት ዕቃዎች አንዱ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የፓቴክ ፊሊፕ የእጅ ሰዓት ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በ1954 እ.ኤ.አ. ስዊዘርላንድን በጎበኙ ጊዜ የተበረከተላቸው መሆኑ የተነገረለት ይህ ሰዓት፣ በኖቬምበር 2017 እ.ኤ.አ. ጄኔቫ ላይ በክሪስቲስ በኩል ለጨረታ ሊቀርብ ሲል የባለቤትነት ጥያቄ ተነስቶ ከሽያጩ ወጣ። ሞዴሉ 2497 የሚባለው ሲሆን ሰብሳቢዎች አጥብቀው የሚፈልጉት በውስጡ ባለው ዘላለማዊ ካላንደር ነው። ወሩ 30 ይሁን 31፣ ፌብሩዋሪ 28 ይሁን 29፣ ያለ ሰው እጅ ለይቶ ያልፋል። አሥራ ሦስት ወር ላለው አገር ንጉሥ የተሰጠው ሰዓት ግን የሚያውቀው አሥራ ሁለቱን ብቻ ነው።

የዘላለማዊ ካላንደሩ ብልሃት ባትሪም ኮምፒውተርም የለውም። ቀኑን የሚገፋው ባለ 31 ጥርስ መዘውር በየ24 ሰዓቱ አንድ ጥርስ ይራመዳል። ከጎኑ በአራት ዓመት አንዴ ብቻ የሚዞር ሌላ መዘውር አለ፤ ጠርዙ ለ48ቱ ወራት በ48 ቦታ ተከፍሏል። የ31 ቀን ወር ቦታው ሙሉ ነው፤ የ30 ቀን ወር ጥቂት ተሞርዷል፤ ፌብሩዋሪ በጥልቀት ተሞርዷል፤ በአራተኛው ዓመት ደግሞ ጥልቀቱ ትንሽ ይቀንሳል። አንዲት ቀጭን ዘንግ ጫፏን በዚህ ጠርዝ ላይ አሳርፋ ጥልቀቱን ትለካለች፤ በወሩ መጨረሻ ስንት ቀን መዘለል እንዳለበት የሚወሰነው በዚያ ነው። ሠሪው በጠቅላላው 20 ቦታ መሞረድ አለበት።

አሁን የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር በዚሁ ብረት ላይ እናስቀምጥ። አሥራ ሁለቱ ወራት እኩል 30 ቀን ስለሆኑ፣ በአራት ዓመት ውስጥ ካሉት 52 ወራት 48ቱ ምንም ሞረድ አይፈልጉም። የሚሞረዱት አራት ቦታዎች፣ ማለትም አራቱ ጳጉሜዎች ብቻ ናቸው፤ ሦስቱ ለ5 ቀን፣ አንዱ ለ6። የዓመቱን ተራ የምታሳየው ትንሽ ቆጣሪም ስሞቿ የተዘጋጁ ናቸው፤ ማቴዎስ፣ ማርቆስ፣ ሉቃስ፣ ዮሐንስ። ጳጉሜ 6 የምትሆነው ዘመነ ሉቃስ ሲያልቅ ነው።

ችግሩ ዝላዩ ላይ ነው። ፌብሩዋሪ ቢበዛ 3 ቀን ያዘልላል፤ ጳጉሜ 5 ካለቀ በኋላ ግን መዘውሩ 25 ቀን ዘሎ መስከረም 1 ላይ ማረፍ አለበት። ይህን በአንድ ሌሊት ለማድረግ ከዋናው ሞላ የሚወሰደው ኃይል ሰዓቱን ሊያቆመው ይችላል። መፍትሔው በሰዓት ሥራ ውስጥ የቆየ ነው፤ የቀን ቆጣሪው ሙሉ ዙር ከመዞር ይልቅ ከ1 እስከ 30 በቅስት ላይ ይሄዳል፤ በየቀኑ ጥቂት በጥቂት የሚጠነጥን የራሱ ትንሽ ሞላ አለው። ወሩ ሲያልቅ ሞላው ይለቀቅና ቆጣሪው ወደ 1 ይፈናጠራል። ከ30 ቢነሳም ከ5 ቢነሳም መድረሻው አንድ ነው።

እንዲህ ላለው ሰዓት ለብዙ ሺህ ገዢ የሚያመርት ትልቅ ፋብሪካ አይደክምም። በዓመት ጥቂት ሰዓት ብቻ የሚሠሩ ነፃ ሰዓት ሠሪዎች ግን የሚበቃቸው ጥቂት ገዢ ነው። ዴንማርካዊው ስቬንድ አንደርሰንና ጣሊያናዊው ቪንሰንት ካላብሬዘ በ1985 እ.ኤ.አ. የነፃ ሰዓት ሠሪዎችን አካዳሚ ያቋቋሙት እንዲህ ያሉ ሠሪዎች ሥራቸውን በአንድነት እንዲያሳዩ ነበር። ከትናንሾቹ የሰዓት ቤቶች አንዱ የሆነው ፓርሚጃኒ የሂጅራን አቆጣጠር ለሚያሳይ የእጅ ሰዓቱ በ2020 እ.ኤ.አ. በጄኔቫው የሰዓት ሥራ ታላቅ ሽልማት ላይ የፈጠራ ሽልማት ወስዷል። የሂጅራ አቆጣጠር የሚመላለሰው በ30 ዓመት ዑደት ነው፤ የእኛ በ4 ዓመት ያልቃል። ከባዱ ከተሠራ ቀላሉ የማይሠራበት ምክንያት የለም።

ለሞያሌ ሰው የሚበጀው ሁለቱንም ቀን የሚያሳይ ሰዓት ነው፤ ለጊዜው ይህም ይቻላል። ጳጉሜ 6 የምትመጣው ከፌብሩዋሪ 29 ስድስት ወር ያህል ቀድማ ስለሆነ፣ ሁለቱንም አቆጣጠር የሚነዳ አንድ የ1,461 ቀን ዑደት ይበቃል። የሚለያዩት በ2100 እ.ኤ.አ. ነው። ያን ዓመት የፈረንጆቹ አቆጣጠር ፌብሩዋሪ 29ን ይዘላል፤ እንቁጣጣሽም ከሴፕቴምበር 11 ወደ 12 ትሸጋገራለች። በዓለም ላይ ያሉት ዘላለማዊ ካላንደሮች አብዛኞቹ ያን ጊዜ በእጅ መታረም አለባቸው፤ አንደርሰን ይህን ለማስቀረት በ400 ዓመት አንዴ የሚዞር መዘውር ሠርቷል። የኢትዮጵያው አቆጣጠር ግን በየመቶ ዓመቱ የሚያፈርሰው ሕግ የለውም።

ስለዚህ የግዕዝ ቁጥር የታተመበት ሰዓት ሲቀርብለት ሰብሳቢው በገጹ አይታለል። ሻጩን ሁለት ነገር ይጠይቀው፤ በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ምን ያሳያል? መስከረም 1ን ራሱ ያገኛታል ወይስ እኔ ላርመው? መልሱ "ይታረማል" ከሆነ፣ የተለወጠው ቀለሙ ብቻ ነው፤ መዘውሩ ያው የፈረንጁ ነው።