ናይሮቢ የሚወሰን ደመወዝ፣ ሞያሌ የሚከፈል ዋጋ

እ.ኤ.አ. ጁላይ 20 ቀን 2022፣ ለኬንያ ጠቅላላ ምርጫ ሃያ ቀን ሲቀር፣ ፕሬዚዳንት ኡሁሩ ኬንያታ 205 ሽልንግ የደረሰው የሁለት ኪሎ የበቆሎ ዱቄት በ100 ሽልንግ እንዲሸጥ አዘዙ። ልዩነቱን መንግሥት ይሸፍናል፤ ለአራት ሳምንት ብቻ። አራቱ ሳምንት ሲያልቅ ድምፅ ተሰጥቶ፣ ተቆጥሮ፣ አሸናፊውም ታውቆ ነበር። ሴፕቴምበር 13 ቃለ መሐላ የፈጸሙት ዊልያም ሩቶ በዚያው ዕለት ባደረጉት ንግግር፣ የዱቄቱ ድጎማ በአንድ ወር 7 ቢሊዮን ሽልንግ በልቶ ያመጣው ለውጥ የለም ብለው ዘጉት። በማግስቱ የነዳጅ ዋጋ ወጣ። ናይሮቢ ላይ ቤንዚን ከ159 ወደ 179 ሽልንግ፣ ናፍጣ ከ140 ወደ 165 ሽልንግ አሻቀበ።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ሞያሌ የት ነበረች? ከናይሮቢ 780 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ከአዲስ አበባም ያንኑ ያህል ርቃ፣ የሁለቱ ዋና ከተሞች ውሳኔ የመጨረሻው ደረሰኝ የሚቆረጥባት ቦታ ላይ ነበረች። የምርጫ ሰሞን የደመወዝና የግብር ፖለቲካ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው ከፓርላማው ደጃፍ ነው። ከድንበር ሲያዩት ሌላ መልክ አለው።

የኬንያዋ ሞያሌ በማርሳቢት ካውንቲ ሥር ናት። ከማዶ ያለችው የኢትዮጵያዋ ሞያሌ ደግሞ ኦሮሚያና ሶማሌ ክልሎች ለረጅም ዘመን የሚወዛገቡባት፣ ሁለት አስተዳደር ያላት ከተማ ናት። በሁለቱ መካከል እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2020 ኡሁሩ ኬንያታና ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አህመድ የመረቁት የአንድ መስኮት የድንበር ኬላ አለ። በኬንያ በኩል ያለው ነዋሪ ለብዙ ዓመታት መብራት ያገኘው ከኢትዮጵያ በሚገዛ ኃይል ነው። ሱቁ ውስጥ ቦረንኛ፣ ስዋሂሊ፣ ሶማሊኛና አማርኛ ይሰማል፤ ሽልንግም ብርም ይቆጠራል። ሽንኩርትና ቲማቲሙ፣ ቦሎቄውና ጤፉ ከሰሜን ይወርዳል፤ ፕላስቲኩ፣ ልብሱና የፋብሪካ ሸቀጡ ከደቡብ ይወጣል። ከብቱ በጭነት መኪና ተጭኖ ወደ ናይሮቢ ቄራ ይሄዳል። እንዲህ ያለ ከተማ ውስጥ ዋጋን የሚወስነው አንድ መንግሥት አይደለም፤ የሁለት መንግሥታት ግብርና የሁለት ገንዘቦች ምንዛሪ ልዩነት ነው።

መጀመሪያ ስለ ደመወዙ። በኬንያ ዝቅተኛውን ደመወዝ የመጨመሪያ መድረክ የሠራተኞች ቀን ነው። ፕሬዚዳንቱ ሜይ 1 አደባባይ ይወጣሉ፣ የሠራተኛ ማኅበራት ማዕከላዊ ድርጅት ዋና ጸሐፊ ፍራንሲስ አትዎሊ ጥያቄያቸውን በጩኸት ያቀርባሉ፣ ሕዝቡ ቁጥር ይጠብቃል። ቁጥሮቹን ከምርጫው አቆጣጠር ጋር ጎን ለጎን ማስቀመጥ በቂ ነው። ምርጫ በነበረበት 2017 ጭማሪው 18 በመቶ ነበር። በ2018፣ ምርጫው ባለፈ በዓመቱ፣ 5 በመቶ። ከዚያ በ2019፣ በ2020 እና በ2021 ምንም። በ2022፣ ሌላ ምርጫ ሊመጣ ሦስት ወር ሲቀረው፣ 12 በመቶ። ከዚያም እስከ 2024 ዝምታ ሆኖ በዚያ ዓመት 6 በመቶ ተነገረ። ይህን ዝርዝር ያየ ሰው የኬንያ ሠራተኛ የሚራበው በአምስት ዓመት አንዴ ነው ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም።

አሠሪዎች ጭማሪ በታወጀ ቁጥር የሚያነሱት ክርክር አንድ ነው፤ ደመወዝ ሲጨምር የዕቃ ዋጋ ይጨምራል። በኬንያ የሆነው ግን ይህን አያሳይም። የ2017ቱ 18 በመቶ በታወጀበት በሜይ ወር የዋጋ ግሽበቱ 11.7 በመቶ ነበር። ግሽበቱ የመጣው ከደመወዙ በፊት፣ በድርቁ ምክንያት ነው። ትልቁ ጭማሪ ሥራ ላይ በዋለበት በዚያው ዓመት ማብቂያ ላይ ደግሞ ግሽበቱ ከ5 በመቶ በታች ወርዷል። በ2022ም እንዲሁ፤ ኦክቶበር ላይ 9.6 በመቶ የደረሰው ግሽበት ድርቅን፣ የዩክሬንን ጦርነትና የድጎማውን መነሳት ተከትሎ የመጣ ነው። የኬንያ መንግሥት ስታትስቲክስ ራሱ ከአነስተኛ እርሻ ውጭ ካለው ሥራ ከ80 በመቶ በላይ የሚሆነው መደበኛ ባልሆነው ዘርፍ ውስጥ መሆኑን ይናገራል። አዋጁ የማይደርሰው ሰው ይህን ያህል ከበዛ፣ አዋጁ የገበያውን ዋጋ ያናውጣል ማለት ከባድ ነው።

አዋጁ ሞያሌ ሲደርስ ደግሞ ይበልጥ ይቀጥናል። የኬንያ የደመወዝ ትዕዛዝ አገሪቱን በሦስት ይከፍላታል፤ ናይሮቢን የመሰሉ ትልልቅ ከተሞች፣ የቀድሞ ማዘጋጃ ቤቶች፣ እና «ሌሎች አካባቢዎች»። ሞያሌ ያለችው በመጨረሻው ረድፍ ነው። ከ2024ቱ ጭማሪ በኋላ ናይሮቢ ውስጥ ያለ ተራ የጉልበት ሠራተኛ ዝቅተኛ ወርኃዊ ደመወዝ ወደ 16,100 ሽልንግ ሲሆን፣ በሌሎች አካባቢዎች ወደ 8,600 ሽልንግ ሆነ። ግማሽ ማለት ነው። አመክንዮው ገጠር ኑሮ ይረክሳል የሚል ነው። እዚያው አካባቢ ለሚመረት ወተትና ድንች ልክ ሊሆን ይችላል። ከሞምባሳ ወደብ ተነስቶ አገሩን አቋርጦ ለሚመጣ ስኳር፣ ዘይትና ዱቄት ግን አመክንዮው ተገልብጦ ይገኛል፤ ግማሽ ደመወዝ የሚከፈለው ሰው ሙሉውን የመንገድ ወጪ ይከፍላል።

እዚህ ላይ ነው የነገሩ እምብርት። በናይሮቢ መንገድ ላይ ካለችው ከኢሲዮሎ ከተማ እስከ ሞያሌ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አስፋልቱ ከመጠናቀቁ በፊት ያ መንገድ በጭነት መኪና ቀናት ይፈጅ ነበር፤ ዛሬ በአንድ ቀን ይጨረሳል። አስፋልቱ የሞያሌን ዋጋ ከየትኛውም የምርጫ ቃል በላይ ለውጦታል። ከቀረው ወጪ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ናፍጣ ነው፤ ከናፍጣው ዋጋም ትልቅ ድርሻ ያለው ግብር። የኬንያ የኃይልና ነዳጅ ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን በየወሩ በ14ኛው ቀን የየከተማውን ጣሪያ ዋጋ ሲያወጣ፣ ሞምባሳ ዝቅተኛው፣ ማንዴራ ከፍተኛው ላይ ይገኛሉ፤ ሞያሌ ከማንዴራ ብዙም አትርቅም። በሊትሩ ላይ ኤክሳይስ ታክስ አለ፣ የመንገድ ጥገና ክፍያ አለ፣ የነዳጅ ልማት ክፍያ አለ፣ የባቡር ክፍያ አለ፣ በእነዚህ ሁሉ ላይ ደግሞ ተጨማሪ እሴት ታክስ (ቫት) ይሰላል። ግብር ላይ የሚከፈል ግብር ማለት ይኸው ነው።

በምርጫ ዘመቻው የደሀውን «ሃስለር» ኪስ እሞላለሁ ብለው የተመረጡት ሩቶ ሥልጣን በያዙ ዓመት ሳይሞላቸው ያጸደቁት የ2023 የፋይናንስ ሕግ በነዳጅ ላይ ያለውን ቫት ከ8 ወደ 16 በመቶ አሳደገ። በሴፕቴምበር 2023 ናይሮቢ ላይ ቤንዚን 211 ሽልንግ፣ ናፍጣ 200 ሽልንግ ደረሰ። ያው ሕግ ከደመወዝተኛው ላይ 1.5 በመቶ የቤት ልማት መዋጮ ቆረጠ፤ አሠሪውም ያንኑ ያህል ይጨምር ተባለ። የትናንሽ ነጋዴዎች የሽያጭ ግብር ከ1 ወደ 3 በመቶ ወጣ። እንደ ኤም-ፔሳ ባለ የስልክ ገንዘብ ዝውውር ክፍያ ላይ ያለው ኤክሳይስ ከ12 ወደ 15 በመቶ አደገ፤ ለባንክ ዝውውር ግን ከ20 ወደ 15 ዝቅ አለ። የባንክ ሒሳብ ያለው ሀብታም ቀለለለት፣ በስልኩ ለእናቱ ገንዘብ የሚልክ ልጅ ተጫነበት። ሕጉ ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት ሲንከራተት ቆይቶ በ2024 ይግባኝ ሰሚው ሻረው፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ደግሞ ከጥቂት ወራት በኋላ መለሰው። በነዳጁ ላይ ያለው ቫት ግን በዚያ ሁሉ መሃል አልወረደም።

ከዚያ 2024 መጣ። ዳቦ ላይ 16 በመቶ ቫት፣ ተሽከርካሪ ላይ ዓመታዊ ግብር የጠየቀው ረቂቅ ወጣቶችን አደባባይ አወጣ። ጁን 25 ፓርላማው ተደፈረ፣ ሰዎች ተገደሉ፤ በማግስቱ ሩቶ አልፈርምም አሉ። ብዙ የተጻፈበት ስለሆነ አልደግመውም። ብዙም ያልተጻፈበት ቀጥሎ የሆነው ነው። ረቂቁ ከተጣለ ሳምንታት ሳይቆጠሩ፣ በጁላይ፣ በሊትር ነዳጅ ላይ የሚቆረጠው የመንገድ ጥገና ክፍያ ከ18 ወደ 25 ሽልንግ ከፍ ተደረገ። ይህ በፓርላማ ድምፅ ያልተሰጠበት ሰባት ሽልንግ ነው። የናይሮቢ ወጣት ዳቦውን አዳነ፤ ዳቦውን ወደ ሞያሌ በሚያደርሰው መኪና ላይ ግን በዚያው ወር ተጨማሪ ክፍያ ተጣለ።

እዚህ ላይ የሚያስገርም አንድ ስም አለ። የ2022ቱ የምርጫ ዋዜማ ድጎማ ሲሰጥ የገንዘብ ሚኒስትር የነበሩት ኡኩር ያታኒ የዚሁ የማርሳቢት ካውንቲ የመጀመሪያው ገዢ ነበሩ፤ ከ2013 እስከ 2017። ከዚያ የሠራተኛና ማኅበራዊ ጥበቃ ሚኒስትር ሆኑ፤ በኋላ የአገሪቱ ግምጃ ቤት ቁልፍ በእጃቸው ገባ። ደመወዝንም ግብርንም በተራ የያዘ የአካባቢው ልጅ ከዚህ በላይ ሊገኝ አይችልም። ሆኖም «ሌሎች አካባቢዎች» የሚለው ረድፍ አልተሰረዘም፤ የናፍጣው የግብር ክምርም አልተነካም። ይህን የምለው ሰውየውን ለመውቀስ አይደለም። ችግሩ አንድ ሰው ሥልጣን ላይ በመቀመጡ የሚፈታ እንዳልሆነ ለማሳየት ነው። በየምርጫው «የእኛ ልጅ ይግባ» ለሚለው ዘመቻ ከዚህ የተሻለ መልስ አላውቅም።

ከኬላው ማዶስ? በኢትዮጵያ ለግል ሠራተኛ የሚሆን አገር አቀፍ ዝቅተኛ ደመወዝ የለም። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ጠቅሶ ነበር። ደመወዝ የሚጨመረው ለመንግሥት ሠራተኛ ነው። የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ፣ ዝቅተኛው የመንግሥት ደመወዝ ከ1,500 ወደ 4,760 ብር አደገ። ለሰባተኛው ጠቅላላ ምርጫ ዋዜማ በሆነው በ2018 ዓ.ም. መባቻ ደግሞ ወደ 6,000 ብር ከፍ እንደሚል ተነገረ። በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ የተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ ከግብር ነፃ የሚሆነውን ወርኃዊ ገቢ ከ600 ወደ 2,000 ብር አሳደገ። 2,000 ብር ሰምቶ የተደሰተ የመንግሥት ሠራተኛ ግን ጥቂት ነው፤ የዝቅተኛው ደመወዝ ባለቤት እንኳ ከዚያ እጥፍ በላይ ስለሚያገኝ የታችኛው እርከን ለእሱ መሸጋገሪያ ብቻ ነው።

ለኬንያዋ ሞያሌ ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው የምንዛሪው ነገር ነበር። አንድ የአሜሪካ ዶላር በ57 ብር አካባቢ የነበረው በቀናት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ብር ሲረክስ የኢትዮጵያ ሽንኩርት ለኬንያ ሸማች ይረክሳል፤ በኢትዮጵያ በኩል ላለው ገዢ ደግሞ የኬንያ ሸቀጥ ይወደዳል። ነዳጁም እንዲሁ ተገላብጧል። የኢትዮጵያ ነዳጅ በድጎማ ርካሽ በነበረበት ዘመን በጀሪካን ወደ ኬንያ ይሻገር ነበር፤ ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ድጎማው ደረጃ በደረጃ ሲነሳ ያ ትርፍ ጠበበ። ለሞያሌ ሞተረኛ ያ ኮንትሮባንድ ከማንኛውም የናይሮቢ ድጎማ ይልቅ የሚታመን ድጎማ ነበር፤ ከፋዩ የኢትዮጵያ ግምጃ ቤት መሆኑ ነው ነውሩ።

በዚህ ሁሉ ክርክር የማይነሳ አንድ ሰው አለ፤ አርብቶ አደሩ። የእሱ ደመወዝ ፍየሉ ናት። ፍየል ሸጦ ስንት ኪሎ ዱቄት ገዛ? የኑሮው መለኪያ ይህ ነው። ከ2020 መጨረሻ እስከ 2023 መጀመሪያ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሲከሽፉ፣ የከሳ ከብት ዋጋ ወደ ታች፣ የዱቄት ዋጋ ወደ ላይ ሄደ። ሁለቱ መቀስ ሆነው ቆረጡት። የ12 በመቶው ጭማሪ የታወጀው በዚያው መሃል ነው፤ በሞያሌ ዙሪያ፣ ቡትዬም ሶሎሎም ላለ አርብቶ አደር ከዚያ ውስጥ ያገኘው የለም። ከብቱን ገበያ ሲያወጣ ደግሞ ካውንቲው የገበያ ቀረጥ ይሰበስባል፤ ወደ ናይሮቢ የሚጭነው ነጋዴ የናፍጣውን ግብር ከመግዣ ዋጋው ላይ ይቀንሳል። ሲገዛም ሲሸጥም የናፍጣውን ግብር የሚከፍለው እሱ ነው፤ አንዴ በዱቄቱ ላይ ተጨምሮበት፣ አንዴ ከፍየሉ ላይ ተቀንሶበት።

ቀጣዩ የኬንያ ምርጫ በሕገ መንግሥቱ መሠረት ኦገስት 10 ቀን 2027 ነው። ከዚያ በፊት ያለው ሜይ 1 ላይ ዳጎስ ያለ በመቶኛ ይነገራል ብዬ እጠብቃለሁ፤ የዱቄት ወይም የነዳጅ ቅናሽም ሊከተል ይችላል። የሞያሌ መራጭ ሆይ፣ ለድምፅ የሚመጣው እጩ የቀበሌህን ስም በትክክል ስለጠራ ብቻ አትሸኘው። ሦስት ነገር ጠይቀው፦ «ሌሎች አካባቢዎች» የሚለውን የደመወዝ ረድፍ ለማንሳት ፓርላማ ውስጥ ምን ያደርጋል? ከአንድ ሊትር ናፍጣ ላይ ስንት ሽልንግ ግብር ያስነሳል፣ ቅናሹስ ከምርጫው በኋላ ስንት ወር ይቆያል? ካውንቲው በአንዲት ፍየል ላይ የሚወስደውን ቀረጥ ለመቀነስስ ድምፁን ይሰጣል? በሽልንግ የማይመልስ ከሆነ፣ ድምፅህን ለሚመልሰው ስጥ።