በውሃ በተሞላ የማዕድን ጕድጓድ ውስጥ ስለ መጥለቅ

ሰው ከምድር ውስጥ ወርቅንና እርሳስን ለማውጣት ዓለቱን እየፈለፈለ ወደ ታች ይወርዳል። ነገር ግን ጕድጓዱ በጠለቀ ቍጥር ከዓለቱ ስንጥቅ ውሃ ይመነጫል፤ ስለዚህ ውሃ መሳቢያው መኪና ቀንና ሌሊት ይሠራል። መኪናው የቆመ እንደ ሆነ፣ ወይም ኃይለኛ ዝናም የወረደ እንደ ሆነ፣ ውሃው ጕድጓዱን ይሞላዋል።

በምዕራብ አውስትራልያ ቦኒቬል በሚባል ስፍራ በ1899 ዓመተ ምሕረት (በኤውሮፓ አቈጣጠር 1907) መጋቢት 10 ቀን እንዲህ ሆነ። የዝናም ጎርፍ ድንገት ወደ ወርቁ ጕድጓድ ገባ። ሌሎቹ ሠራተኞች ሲያመልጡ ሞዴስቶ ቫሪስኬቲ የሚባል ኢጣልያዊ ከ10ኛው ደርብ በላይ በተፈለፈለ ዋሻ ብቻውን ቀረ። ኋላ ግን ዓለቱን ሲመታ ድምፁ ስለ ተሰማ በሕይወት መኖሩ ታወቀ።

በውሃ ተከቦ ሳለ እንዴት ሊተነፍስ ቻለ? መምህሩ ይህን ለተማሪዎቹ በቀላሉ ሊያሳያቸው ይችላል። ባዶ ብርጭቆ አፉን ወደ ታች ደፍቶ ቀጥ አድርጎ ውሃ ውስጥ ቢያገባው ውሃው አይሞላውም፤ በውስጡ ያለው አየር መውጫ አጥቶ ውሃውን ይከለክለዋልና። የቫሪስኬቲም ዋሻ ወደ ላይ የተቈፈረ ስለ ነበረ የታፈነው አየር ነፍሱን ጠበቀለት።

ውሃውን ቀድቶ ለማጕደል ብዙ ቀን ስለሚያስፈልግ የመጥለቂያ ልብስና ጠላቂዎች በልዩ ባቡር መጡ። ፍራንክ ሂዩዝ የሚባለው ጠላቂ የብረት ቍር ደፍቶ፣ ከላይ በቧንቧ የሚነፋለትን አየር እየተነፈሰ በጨለማው ውስጥ ገባ፤ ቶማስ ሄርን የተባለው ጓደኛው ቧንቧው በዓለት እንዳይያዝ ይረዳው ነበር። ሂዩዝ እየተመላለሰ ምግብና ሻማ ወሰደለት። ውሃውም ከጐደለ በኋላ በመጋቢት 19 ቀን በሕይወት አወጣው።

በ1935 ዓመተ ምሕረት (በኤውሮፓ አቈጣጠር 1943) ዣክ ኢቭ ኩስቶና ኤሚል ጋኛን የተባሉ ፈረንሳውያን ጠላቂው ያለ ቧንቧ የሚጠልቅበትን መሣሪያ ሠሩ። በብረት ዕቃ የታመቀውን አየር በጀርባው ያዝላል፤ መክፈቻውም እስትንፋሱን ሲስብ ብቻ አየር ይሰጠዋል። ዛሬ በዚህ መሣሪያ የተተዉ ጕድጓዶችን የሚጐበኙ ሰዎች አሉ፤ በአሜሪካ በሚዙሪ አገር ያለው የቦን ቴር የእርሳስ ጕድጓድ ከነዚህ አንዱ ነው።

ይህ መጥለቅ ከባሕር መጥለቅ ይልቅ የሚያስፈራው በሦስት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ከራስ በላይ ዓለት አለና ቀጥ ብሎ መውጣት አይቻልም፤ መመለሻው የመጡበት መንገድ ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ ደለሉ በእግር ከተነካ ውሃው ይደፈርሳል፤ መብራት ቢኖርም የገዛ እጅ አይታይም። ስለዚህ ከአፉ ጀምሮ ገመድ ይዘረጋል፤ ጠላቂውም ከገመዱ አይለይም። ሦስተኛ፣ በየ10 ሜትሩ ጥልቀት የውሃው ክብደት ከምድር በላይ ያለውን አየር ክብደት ያህል ይጨምራል። በ30 ሜትር አንዱ እስትንፋስ በላይ ሲሆን ከሚፈጀው አየር 4 እጥፍ ይፈጃል። ፈጥኖ የወጣም እንደ ሆነ በደም የሟሟው ናይትሮጅን አረፋ ይሆንና ይጐዳዋል፤ ሊገድለውም ይችላል።

ስለዚህ ጠንቃቆቹ አየራቸውን ከ3 ይከፍሉታል፤ አንዱን እጅ ለመግባት፣ አንዱን ለመመለስ፣ አንዱንም ለክፉ ቀን።

እንግዲህ በመንደር ያለ የተተወ ጕድጓድ ውሃ የቋጠረ እንደ ሆነ ልጆች እንዳይቀርቡት አፉን ማጠር ይገባል። ሰው የወደቀበትም ጊዜ ገመድ ይጣልለት እንጂ ሌላው ተከትሎ አይዝለል። ሂዩዝ ወንድሙን ያዳነው በድፍረት ብቻ አይደለም፤ ሙያና መሣሪያ ይዞ፣ የሚረዳውም ሰው ኖሮት ነው እንጂ።