ድጎማና የስም መጥሪያ መዝገብ

በማሠልጠኛ ተቋማችን ዕጩ መምህራንን፣ «ድኻ ገበሬ ልጁን ከትምህርት የሚያስቀረው ለምንድን ነው?» ብዬ ስጠይቅ፣ ብዙዎቹ «ጥቅሙን ስለማያውቅ» ይላሉ። ነገሩ ግን ዘወትር እንዲህ አይደለም። ልጅ ሲያድግ ጉልበቱ ዋጋ ያወጣል፤ ክፍል ውስጥ በዋለ ቁጥር ቤተሰቡ የዕለት ገቢ ያጣል። የትምህርት ፍሬ የሚለቀመው ከዓመታት በኋላ ነው፤ ረኀብ ግን ቀጠሮ አይሰጥም።

ይህን ችግር ለማቃለል ከተሞከሩት ዘዴዎች አንዱ ቅድመ ሁኔታ ያለው የገንዘብ ድጎማ ነው። ይኸውም መንግሥት ለድኻ ቤተሰብ በየጊዜው ገንዘብ ይሰጣል፤ ቤተሰቡም በበኩሉ ልጆቹን ትምህርት ቤት ይልካል፤ ጤና ጣቢያ ወስዶም ያስመረምራል።

በዚህ ረገድ በሰፊው የታወቀው በሜክሲኮ እ.ኤ.አ. በ1997 የተጀመረው ፕሮግሬሳ ነው። ገንዘቡ በየሁለት ወሩ ለእናቲቱ ይከፈል ነበር። ቤተሰቡ የሚያጣው የልጁ ገቢ ከዕድሜው ጋር ስለሚጨምር፣ ክፍሉ ከፍ ባለ ቁጥር ድጎማውም ከፍ ይላል። በሁለተኛ ደረጃ ለሴት ልጆች የሚከፈለው ለወንዶች ከሚከፈለው ይበልጥ ነበር። ተማሪው ከትምህርት ቀናት ቢያንስ 85 በመቶውን መገኘት ነበረበት፤ ይህንንም የሚያረጋግጠው መምህሩ ነበር።

ውጤቱን ለመመዘን 506 መንደሮች ተመርጠው፣ 320ዎቹ ድጎማውን ቀድመው፣ 186ቱ ደግሞ ቆየት ብለው እንዲያገኙ በዕጣ ተለዩ። ሁለቱ ወገኖች ሲነጻጸሩ፣ ድጎማውን ባገኙት ዘንድ ወደ ሁለተኛ ደረጃ የሚገቡት ልጆች፣ በተለይም ሴቶች፣ ቁጥር ጨምሮ ተገኘ። ይሁን እንጂ መገኘትና መማር አንድ አይደሉምና፣ በፈተና ውጤት ረገድ ጉልህ መሻሻል አልታየም። ፕሮግራሙ ስሙን ሁለት ጊዜ ለውጦ እ.ኤ.አ. እስከ 2019 ቆይቷል።

ለመሆኑ ግዴታውን መፈጸም ያልቻለው ልጅስ ምን ይሆናል? ለዚህ ጥያቄ እ.ኤ.አ. በ2008 እና በ2009 በማላዊ፣ በዞምባ አውራጃ የተደረገው ሙከራ ይጠቅመናል። ለአንደኛው ወገን ልጃገረዶች ገንዘቡ የተከፈለው ትምህርት ቤት እስከ ተገኙ ድረስ ብቻ ነው፤ ለሌላው ወገን ግን ያለ ምንም ግዴታ ተከፈለ። ትምህርት ማቋረጥን በይበልጥ የቀነሰው ባለግዴታው ድጎማ ነበር። በአፍላ ዕድሜ ማግባትንና ማርገዝን የቀነሰው ግን ያለ ግዴታ የተሰጠው ሆነ፤ ትምህርቷን ያቋረጠችውም ልጅ ገንዘቡ ስላልቀረባት ለማግባት አልተጣደፈችም።

እንግዲህ ቅድመ ሁኔታ ልጅን ወደ ክፍል ይስባል፤ ነገር ግን በጣም የተቸገረችውን ልጅ ባዶ እጇን ሊያስቀር ይችላል። በእንዲህ ያለ ፕሮግራም ውስጥ መምህሩ በመዝገቡ ላይ «ቀሪ» ብሎ ሲጽፍ የአንድ ቤተሰብ እንጀራ ላይ መወሰኑ ነው። ስለዚህ መዝገቡን በሐቅ መያዝ ግዴታው ነው። ከዚያም በላይ የቀረችው ልጅ ለምን እንደ ቀረች ቤቷ ድረስ ሄዶ መጠየቅ ይገባዋል፤ ይህን መዝገቡ አይነግረውምና።

የመወያያ ጥያቄ፦ ድጎማው በእጃችሁ ቢሆን ግዴታ ታኖሩበት ነበር? ለምን?