የሠራችው ማን ናት?

በአርሲ ደጋ ጥር የሠርግ ወር ነው። ገብሱና ስንዴው ተወቅቶ ጎተራ ገብቷል፤ ከጭላሎ የሚወርደው ነፋስ ጠዋት ጠዋት ጣት ያደነዝዛል፤ በሳጉሬ ዙሪያ ባሉ ቀበሌዎች የሙሽሪት ዕቃ ይወጣል። በኦሮሞው ቤት እናት ለልጇ ለዓመታት ስታዘጋጅ የኖረችው ጪጮ ይቀርባል፤ ከዕፅዋት ቃጫ ወተት እስከማያፈስ ድረስ ጥብቅ ተደርጎ የሚሠራው፣ በዛጎልና በቆዳ የሚያጌጠው የወተት ዕቃ። በጨሌ የተዋበው ቆዳ፣ በወይራ የታጠነው ቅል ይከተላል። በአማራው ቤት መሶቡ፣ ሌማቱ፣ ሰፌዱ ይደረደራል። ሴቶቹ ከበው ያያሉ፤ ይፈርዳሉም። አንዷ ስፌቱን በአውራ ጣቷ ጫን ብላ ጥብቀቱን ትፈትናለች። ሌላዋ አለላው የት ቦታ ላይ ቀለም እንደቀየረ ትመረምራለች። ለወደዱት «እጅሽ ይባረክ!» ይላሉ። ያልወደዱትን ዝም ብለው ያልፉታል፤ ያንን ዝምታ ሠሪዋ አጥርታ ትሰማዋለች።

ይህ ውድድር ነው፤ ዐውደ ርዕይም ነው። ዳኛ አለው፣ ተመልካች አለው፣ መስፈርት አለው። «የሴት ሠዓሊያን ውድድር» ሲባል ከሩቅ አገር የመጣ እንግዳ ነገር የሚመስላቸው ሰዎች ሲገጥሙኝ ይህን የሠርግ ሰሞን አስታውሳቸዋለሁ። ለመሆኑ ከዚህ ሁሉ የጎደለው ምንድን ነው? የሠሪዋ ስም ነው። ዕቃው «የእገሊት ልጅ የሠርግ ዕቃ» ተብሎ ይወራለታል፤ ሃያና ሠላሳ ዓመት አገልግሎ ሲያረጅ ግን ማን እንደ ሠራው የሚያውቅ የለም።

እኔ ሳጉሬ ተወልጄ ያደግሁ፣ ከአሰላ ወደ በቆጂ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለችው በዚህችው ከተማችን ሥዕል የማስተምር ሰው ነኝ። የማስተምረው ትምህርት «የክወናና የእይታ ጥበባት» ይባላል፤ በሳምንቱ መርሐ ግብር ውስጥ ትንሽ ቦታ የያዘ፣ ፈተና ሲደርስ በቀላሉ ለሌላ ትምህርት የሚለቀቅ ክፍለ ጊዜ ነው። የዘይት ቀለም የምናገኘው ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ስንልክ ነው። ስለዚህ ልጆቼ የሚስሉት በእርሳስ፣ በከሰል፣ አንዳንዴም ቤት ለመለሰን በሚያገለግል ቀይና ነጭ አፈር ነው። አፈሩን የሚያመጡት ሴቶቹ ልጆች ናቸው፤ ቦታውን ከእናቶቻቸው ጋር ሄደው ያውቁታልና።

ከእነዚህ ልጆች ጋር አንድ ጊዜ በክፍላችን ግድግዳ ላይ ትንሽ ዐውደ ርዕይ አዘጋጀን። የራሳቸውን ሥዕል እንዲሰቅሉ፣ ከቤታቸውም በሴት እጅ የተሠራ አንድ ነገር እንዲያመጡ ነገርኳቸው። ለእያንዳንዱ ዕቃ ትንሽ ካርድ ሰጠኋቸው፤ ምን እንደሆነ፣ ከምን እንደተሠራ፣ ማን እንደሠራችው የሚጻፍበት። ካርዶቹን ስሰበስብ በስም ቦታ ላይ የሰፈረው በአብዛኛው «እናቴ» የሚል ነበር። አንዳንዶቹም በታላቅ ወንድማቸው ስም «የእገሌ እናት» ብለው ነበር። አንዲት ልጅ የአያቷን ሙሉ ስም ጨርሶ አታውቅም። በማግስቱ ይዛ የመጣችው ግን ስምን ከነአባትና ከነአያት ብቻ አልነበረም፤ አሮጊቷ እስከ ሰባት ቤት ቆጥረው አስጽፈዋታል። ካርዱ ስላልበቃ በጀርባው ቀጠልን።

ወላጆች ሊያዩ በመጡ ጊዜ አንዲት እናት ከራሷ መሶብ ፊት ቆመች። ማንበብ አትችልም። ልጇን ጠርታ «የትኛው ነው የኔ ስም?» አለቻት። ልጅቷ በጣቷ አሳየቻት። እናትየውም ፊደሎቹን አንድ በአንድ በጣቷ ተከተለቻቸው። እኔ የዚያን ቀን ያየሁትን ከዚያ በኋላ ለሚጠይቀኝ ሁሉ እናገራለሁ፤ ውድድርና ዐውደ ርዕይ ለአንዲት ሴት የሚሰጣት ትልቁ ሽልማት ይኸው ነው።

እዚህ አገር ሴት ሠዓሊ ለምን ጥቂት ሆነች ቢባል ምክንያቱ ከጥንት ይጀምራል። የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ለዘመናት የካህናትና የደብተራዎች ሥራ ነበር። ሸማውን ሴቷ ብትፈትለውም ሸማኔው ወንድ ነው። ለሴት የቀረላት ስፌት፣ ጥልፍ፣ የቤት ልስንና ሸክላ ነው። የጎንደር ወለቃ የቤተ እስራኤል ሴቶችና የአዲስ አበባ ቀጨኔ ሴቶች ሸክላቸው አገር ያዳረሰ ሆኖ ሳለ፣ ለሠሪዎቹ የተረፋቸው ከምስጋና ይልቅ «ቡዳ» የሚል ስድብ ነበር። የአዲስ አበባውን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. ገደማ ከመሠረተው በኋላ ዘመናዊ ሥዕል በአገራችን እግር አወጣ። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ1964 አፈወርቅ ተክሌን፣ በ1965 ገብረ ክርስቶስ ደስታን፣ በ1967 እስክንድር ቦጎሲያንን በሥነ ጥበብ ሸለመ። ለሦስቱም ይገባቸዋል። ሦስቱም ወንዶች መሆናቸው ግን የዘመኑን በር ስፋት ይነግረናል።

በዚያ በር ቀድማ የገባችው ደስታ ሐጎስ ናት። እ.ኤ.አ. በ1969 የግሏን ዐውደ ርዕይ በማቅረብ የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ሠዓሊ ሆነች፤ በኋላም ካሊፎርኒያ ሄዳ ተማረች። ከእሷ በኋላ የመጡት መንገዳቸው የተለያየ ነው። ከበደች ተክለአብ በሶማሊያ እስር ቤት ወደ አሥር ዓመት የሚጠጋ ጊዜ ካሳለፈች በኋላ ነው አሜሪካ ገብታ ሥዕል የተማረችው፤ ከእስክንድር ቦጎሲያን ጋር ሆና የሠራችው «ኔክሰስ» የተሰኘ ሥራ በዋሽንግተን የኢትዮጵያ ኤምባሲ ግድግዳ ላይ ይገኛል። አዲስ አበባ የተወለደችው ጁሊ ምሕረቱ በልጅነቷ አገር ለቃ አሜሪካ አደገች፤ እ.ኤ.አ. በ2023 አንድ ሥዕሏ በጨረታ ከ10 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሽጧል። መሪኮከብ ብርሃኑ እ.ኤ.አ. በ2022 በቬኒስ ቢየናሌ ዋና ዐውደ ርዕይ ላይ ቀረበች። በዚያ ዓመት በዋናው ዐውደ ርዕይ ከተጋበዙት 213 ጥበበኞች እጅግ የሚበዙት ሴቶች ነበሩ፤ ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ ባለው በዚያ መድረክ ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ነገር ታይቶ አይታወቅም ነበር። ሥራ የሚታየው የሚያሳይ ሲኖር ነውና አሳዮቹንም ልጥቀስ። አይዳ ሙሉነህ እ.ኤ.አ. በ2010 አዲስ ፎቶ ፌስትን ጀመረች። ቆንጂት ሥዩም በአስኒ ጋለሪ፣ መስከረም አሰግድ በዞማ ሙዚየም ለሌሎች ሥራ ቦታ ከፈቱ።

ይህን ሁሉ ለተማሪዎቼ ስነግራቸው በትኩረት ይሰሙኛል፤ ፊታቸው የሚበራው ግን የአርሲዋን ሯጭ ደራርቱን ስጠራ ነው። እውነት አላቸው። ደራርቱ ቱሉ እ.ኤ.አ. በ1992 በባርሴሎና በ10,000 ሜትር ወርቅ ስታጠልቅ፣ ከአራት ዓመት በኋላ ደግሞ ፋጡማ ሮባ በአትላንታ ማራቶኑን ስታሸንፍ፣ የአርሲ ሴት ልጅ ከእነሱም በፊት በዚህ ቀጭን አየር ውሃ ተሸክማ ዳገት ትወጣ ነበር። አዲስ የመጣው ጉልበቱ አይደለም፤ ስማቸው በራዲዮ መጠራቱ ነው። ከዚያ ወዲህ በበቆጂና በአሰላ መንገድ ልጃገረዶች በጠዋት ሲሮጡ «ምን ሆና ነው?» የሚል ጠፋ። ለእጅ ጥበብም እንዲህ ስም የሚጠራ ያስፈልገዋል።

የሌላው ዓለም ልምድም ይህንኑ ይመሰክራል። በደቡብ አፍሪካ የንዴቤሌ ሴቶች የቤታቸውን ግድግዳ በደማቅ ቀለም መሳል ከእናት ይወርሳሉ። ኤስተር ማህላንጉም በአሥር ዓመቷ ከእናቷና ከአያቷ ተማረች። እ.ኤ.አ. በ1989 ሥራዋ ፓሪስ ላይ ታየ፤ በ1991 ደግሞ ቢኤምደብሊው አንድ መኪናውን እንድትስልለት ጠየቃት። የሳለችው ያንኑ የመንደሯን ጌጥ ነው። በሳዑዲ አረቢያ አሲር ክፍለ ሀገር ሴቶች የእንግዳ መቀበያ ክፍላቸውን የሚያስጌጡበት «አል-ቃጥ» እ.ኤ.አ. በ2017 በዩኔስኮ መዝገብ ሰፈረ። ሁለቱም ሴቶች በየቤታቸው የሚሠሩት ሥራ ነበሩ።

እዚህ እኛ ዘንድ ጊዜው እያጠረ ነው። ወተቱ ወደ ፕላስቲክ ጀሪካን ገብቷል። አለላ መንከር የሚያውቁት አርጅተዋል፤ ከማዳበሪያ ከረጢት በተመዘዘ ክር የሚሰፋ መሶብም ገበያ ላይ አያለሁ። እሱን አልንቅም፤ ቀለም አመራረጡ ዓይን የሚይዝ አለ፤ ሠሪዋ በእጇ ባለው ነገር መፍጠሯ ነው። ነጋዴው ግን ከእሷ በርካሽ ገዝቶ አዲስ አበባ ላይ በውድ ይሸጠዋል፤ ገዢውም «የአርሲ መሶብ» ብሎ ይወስደዋል። ስም የሌለው ዕቃ በኪሎ እንደሚሸጥ እህል ነው፤ ዋጋውን ሻጩ እንጂ ሠሪው አይወስነውም።

ጪጮ የሚሠሩ አንዲት ጎረቤታችንን «አዴ፣ ውድድር ቢዘጋጅ ይገባሉ?» ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። «ዳኛው ማን ነው?» አሉኝ መልሰው። «ወተት አፍስሶበት የማያውቅ ሰው ጪጮዬን ሊዳኝ?» ልክ ናቸው፤ ውድድር የሚያዘጋጅ ሁሉ ይህን ጥያቄ አስቀድሞ ይመልስ። ደግሞም በአርሲ ሴት ዳኛ እንግዳ አይደለችም። ሲንቄ፣ እናት ለሙሽራ ልጇ የምትሰጣት ቀጭን በትር፣ ሴቶች ይዘውት ሲወጡ ጠብ ያበርዳል፤ ሚስቱን የደበደበ ባል በእነሱ ፊት ቀርቦ ይቀጣል።

ታዲያ በሳጉሬ እንዴት ቢደረግ ይሻላል? እኔ የማስበውን ልንገራችሁ። ከዳኞቹ ቢያንስ ግማሾቹ በእጃቸው የሚሠሩ የአካባቢው እናቶች ይሁኑ፤ ከእነሱ ጋር ከአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የተማረ ሰው ይጋበዝ። ስፌት ከስፌት፣ ሥዕል ከሥዕል ጋር ይወዳደር፤ መሶብን ከዘይት ቀለም ሥዕል በታች የሚያስቀምጥ መስፈርት አይኑር። በዳኝነት ጊዜ ሥራው ላይ ቁጥር ብቻ ይለጠፍ፤ የማን ሚስት፣ የማን ልጅ እንደሆነች ዳኛው አይወቅ። ፍርዱ ካለቀ በኋላ ግን የእያንዳንዷ ሙሉ ስም፣ የተሸነፈችውም ጭምር፣ በጉልህ ፊደል ይጻፍ።

የትምህርት ቤት አዳራሽ ይበቃል። ሥዕል ሲሰቀል መሐሉ ከወለሉ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ከፍ ቢል ቆሞ ለሚያይ ሰው ይመቻል። መሶብና ጪጮ መሬት ላይ አይቀመጡ፤ ጠረጴዛ ይኑራቸው። ለመዳሰስ የተፈቀደ አንድ ሥራም ይኑር፤ የእኛ ሴቶች በጣት ነው የሚያዩት። ተመልካቹም የወደደው ሥራ ፊት ባለ ቅል ውስጥ አንዲት የባቄላ ፍሬ እየጣለ ድምፅ ይስጥ፤ ፊደል ያልቆጠረም ይመርጣል። ቀኑ የገበያ ቀን ይሁን። ልጅ የምትይዝ ሰው ትዘጋጅ፤ ሕፃን አዝላ የመጣች እናት ደጅ ቆማ እንዳትመለስ። ሽልማቱ ቀለም፣ ብሩሽ፣ ወረቀት፣ ጥሩ ወስፌ ቢሆን ከዋንጫ ይሻላል፤ ዋንጫ መደርደሪያ ላይ ይቀራል፣ ብሩሽ ግን ሌላ ሥዕል ይወልዳል። የቀረበው ሥራ በፊርማ ተረክቦ በፊርማ ይመለስ፤ ከተሸጠም ገንዘቡ ለሠሪዋ ይድረስ። ይህን የምለው አንዲት ተማሪዬ ለበዓል ማድመቂያ ተብሎ የተወሰደባት ሥዕል ሳይመለስላት ስለቀረ ነው። ልጅቷ ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ እርሳስ አልያዘችም።

ገንዘብ የለም የሚለው መልስ አይዋጥልኝም። ለካርድ፣ ለምስማርና ለቀለም የሚወጣው ወጪ ለአንድ ስብሰባ ሻይና ውሃ ከሚወጣው አይበልጥም። የወረዳው የሴቶችና የባህል ጽሕፈት ቤቶች፣ የከተማችን ትምህርት ቤቶች፣ አሰላ ያለው የአርሲ ዩኒቨርሲቲ፣ ከዚህ አካባቢ ወጥታችሁ በአዲስ አበባና በውጭ አገር የምትኖሩ ልጆቻችን፤ የካቲት 29 የሴቶች ቀን ሲከበር ከንግግሩ ጎን አንድ አዳራሽ ክፈቱልን። ሥራውን እኛ እናመጣለን።

እስከዚያው ድረስ ግን እናቶቼና እህቶቼ፣ ማንንም አትጠብቁ። የሰፋችሁትን መሶብ ገልብጡና ከሥሩ በአለላ ስማችሁን ስፉበት፤ የሳላችሁትን ሥዕል ፈርሙበት፤ መጻፍ የማትችሉም ልጃችሁን አስጽፉ።