የምሥጢር ቍጥርና የሕዝብ ዘበኝነት

በአርባ ምንጭ፣ በሲቀላ፣ በባንክ መስኮት ተቀምጦ ደንበኛ ለሚያስተናግድ እንደ እኔ ላለ ሠራተኛ፣ ቀድሞ ሥራው ገንዘብ መቀበልና መክፈል፣ ፊርማን ከፊርማ ጋር ማስተያየት ነበር፤ ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም.፣ ኤምፔሳም በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ሥራ ከጀመሩ፣ ባንኮችም ሒሳብን በስልክ ማንቀሳቀስን ካስፋፉ ወዲህ ግን፣ የላንቴና የጫኖ ሚሌ ገበሬ የሙዙን ዋጋ፣ የጨንቻ እናትም በሽሮ ሜዳ የሚሸምነው ልጇ የላከላትን ብር በእጅ ስልክ መቀበል ስለ ለመዱ፣ ወደ መስኮቴ የሚመጣው ጉዳይ ሌላ መልክ ይዟል፤ በስልክ ተታልሎ ገንዘቡን ያጣ ሰው አቤቱታ ሆኗል።

የማታለያው መንገድ ብዙ አይደለም። አንደኛው፣ «ከባንኩ ነው የምንደውለው፤ ሒሳብዎ ሊዘጋ ስለ ሆነ አሁን በመልእክት የደረሰዎትን ቍጥር ይንገሩን» የሚለው የትሕትና ድምፅ ነው፤ ሌላው የባንክን አጻጻፍ አስመስሎ «ይህን ያህል ብር ገቢ ሆኗል» የሚል ሐሰተኛ መልእክት በመላክ፣ ነጋዴው በቴሌብር *127# ገብቶ ቀሪ ሒሳቡን ሳያረጋግጥ የሙዝ ጭነቱን እንዲያስረክብ የሚያደርገው ነው። የሚታለለው ያልተማረ ሰው ብቻ ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን መምህሩም ነጋዴውም በዚሁ ወጥመድ ሲያዙ አይቻለሁና፣ ተበዳዩን «ለምን ተናገርህ?» ብሎ መገሠጽ ሐዘኑን እጥፍ ያደርግበታል እንጂ ንዋዩን አይመልስለትም።

ከሁሉ አብልጦ የሚያሳዝነኝ ከስርቆቱ በኋላ ያለው መንከራተት ነው። ተበዳዩ ወደ ባንክ ይመጣል፤ ባንክ ወደ ፖሊስ ይልከዋል፤ ፖሊስ የሒሳብ መግለጫ አምጣ ይለዋል፤ ያንን ይዞ ሲመለስ የደዋዩ ስልክ ባለቤት ከቴሌ ይጠየቅ ይባላል፤ ይህ ሁሉ ደብዳቤ ተጽፎ ማኅተም እስኪመታበት ድረስ ገንዘቡ ከሒሳብ ወደ ሒሳብ ተሻግሮ በሌላ ከተማ በጥሬው ወጥቷል። ያለ ሕጋዊ ትእዛዝ የደንበኛን ጉዳይ አለመግለጥ ለባንክ ሠራተኛ እንደ ኑዛዜ ምሥጢር የከበረ ግዴታ መሆኑን አምናለሁ፤ ይሁን እንጂ የተቀባዩን ስም መግለጥና የተጠረጠረውን ገንዘብ ለጥቂት ሰዓት ባለበት ማቆየት ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው፤ የፊተኛው የፍርድ ቤትን ትእዛዝ ሲጠብቅ፣ የኋለኛው በተቋማት መካከል በሕግ አግባብ አስቀድሞ የተጻፈ ስምምነት ቢኖር በአንድ የስልክ ጥሪ ሊፈጸም ይችላል። ሲንጋፖር በ2019 እ.ኤ.አ. የፀረ ማጭበርበር ማእከል በፖሊስ ሥር ያቋቋመችውና በኋላም የባንክ ሠራተኞችን ከፖሊሶች ጋር በአንድ ቤት ያስቀመጠችው ይህን የሰዓት እሽቅድምድም ተረድታ ነው።

ሕጉስ በእኛም አገር አለ፤ የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቍጥር 958/2008፣ አገልግሎት ሰጪ በሚያስተዳድረው ሥርዐት ወንጀል መፈጸሙን ሲያውቅ ለመረጃ መረብ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ወዲያው እንዲያሳውቅ፣ ለፖሊስም እንዲያመለክት ያዝዛል። የጐደለው በየከተማው ይህን የሚፈጽም ኅብረት ነው።

ማስጠንቀቂያውም ሕዝቡ በሚያምነው አንደበት ሊነገር ይገባል። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩ በወገኖቹ ላይ ስለ ደረሰው እልቂት የተቈጣው የአርባ ምንጭ ወጣት ለበቀል በተነሣ ጊዜ፣ እርጥብ ሣር ይዘው በፊቱ ተንበርክከው የመለሱት የጋሞ አባቶች ነበሩ፤ እነዚህ አባቶች በዱቡሻ (በሸንጎው አደባባይ)፣ ካህናትና ሰባክያን በዐውደ ምሕረትና በጸሎት ቤት፣ የእድር ዳኞችም በየሰፈሩ «የምሥጢር ቍጥርህን የባንክ ሠራተኛ ነኝ ለሚልህም ቢሆን አትንገር» ብለው በጋሞኛ ቢመክሩ፣ እኛ በግድግዳ ከምንለጥፈው ማስታወቂያ ሁሉ አብልጦ ይሰማል።

መስቀል ሲቃረብ ከአዲስ አበባ ወደ ጋሞ ደጋ የሚላከው ገንዘብ ይበዛልና፣ የባንክ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጆች፣ ኢትዮ ቴሌኮም፣ የዞኑ ፖሊስና የአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒዩተር መምህራን ከበዓሉ አስቀድመው በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠው፣ በማንኛውም ሰዓት የሚጠራ ተጠሪ በየተቋማቸው እንዲሰይሙ እለምናለሁ። አንባቢዬ ሆይ፣ እርስዎም ገንዘብዎ ቢወሰድ አይፍሩ፣ አይደብቁ፤ በዚያችው ሰዓት ለባንክዎ ይደውሉ።