ዘምቢሉ ከመነሳቱ በፊት

በሚቀጥለው የገበያ ቀን ዘምቢልዎን ከማንሳትዎ በፊት ወደ ጓዳ ይግቡና ያለውን እህልና ጥራጥሬ ሁሉ አውጥተው ጠረጴዛ ላይ ይደርድሩት። ከጀርባ የተረሳ ግማሽ ኪሎ ድፍን ምስር፣ ከበዓል የተረፈ ሩዝ፣ ሁለት ቦታ የተከፈተ ፓስታ፣ ከገጠር ዘመድ የተላከ በሶ፣ በፌስታል የታሰረ ክክ፣ ጣሳ ሥር የቀረ ተልባ አያጡም። «ቤት ውስጥ ምንም የለም» ብለን ወደ ገበያ የምንወጣው ብዙውን ጊዜ ይህ ሁሉ እያለ ነው።

እኔ የምተዳደረው በማርኬቲንግ ሙያ ስለሆነ የሱቁን ወገን ዘዴ በቅርብ አውቀዋለሁ። ብዙ ትርፍ ያለው ዕቃ ዓይንዎ በሚያርፍበት መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ከረሜላና ብስኩት ደግሞ ሒሳብ በሚከፈልበት ቦታ፣ የልጅ እጅ በሚደርስበት ከፍታ ላይ ነው። «እግረ መንገዴን» እያሉ በሳምንት አራት ጊዜ ሱቅ የሚገቡ ከሆነ አራት ጊዜ ይፈተናሉ። ስለዚህ አሥር ብር ለማስቀነስ ከመከራከር ይልቅ የሚገቡበትን ቀን መቀነስ ይሻላል።

ምክንያቱ ቁጠባ ብቻ አይደለም። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲያደርግ አንድ ዶላር በዚያው ዕለት ከ57 ብር ገደማ ወደ 74 ብር ገደማ ተሻግሯል። ከውጭ የሚመጣ ሸቀጥ ላይ የሚያርፈው ጫና ግልጽ ነው። በዚያ ላይ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልላችን ባለው ግጭት መንገድ ሲዘጋ ምን እንደሚሆን ደብረ ማርቆስ፣ ደጀን ወይም ቢቸና ላለ ቤተሰብ መንገር አያስፈልግም። የዓባይን በረሃ ተሻግሮ የሚመጣው ዕቃ ሲቀር ጤፍና ሽሮ ያለው ቤት ልጆቹን አብልቶ ያሳድራል፤ በየዕለቱ ከሱቅ የሚበላው ግን ገና በሁለተኛው ቀን ይጨነቃል።

እናቶቻችን ዓመቱን የሚያቅዱት በእህሉ ወቅት ነበር። ጤፍ አዲሱ ምርት ወደ ገበያ በሚገባበት በታኅሣሥና በጥር ይገዛል፤ በርበሬ ፀሐይ ሳይጠፋ ተቀንጥሶ፣ ደርቆና ተደልዞ ይቀመጣል፤ ሽሮው ከክረምት በፊት ይሰናዳል። እኔ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ «ኢንቬንቶሪ ማኔጅመንት» ተብሎ በሦስት ክሬዲት የተማርኩት ከዚህ ብዙም አይርቅም፤ ቀድሞ የገባው ቀድሞ ይወጣል፣ ያለህን ሳትቆጥር አትግዛ ነው ነገሩ።

ኩንታል ጤፍ መግዛት ካስፈራዎ ይህን ይወቁ፤ የጤፍ ቅንጣት በጣም ደቃቅ ስለሆነች ነቀዝ አይመቸውም። እርጥበትና አይጥ ከተጠበቀ ከዓመት በላይ ይቆያል። ባቄላ፣ አተር፣ ሽምብራና በቆሎ ግን እንዲህ አይደሉም። እነዚህን በጥቂቱ መግዛት፣ አለዚያም ቶሎ ቆልቶ ክክና ሽሮ ማድረግ ይሻላል። አየር የማያስገባው ሦስት ድርብ ከረጢትም ጥሩ አማራጭ ነው፤ በደንብ ከታሰረ ነቀዙ አየር አጥቶ ይሞታል። የነቀዝ ክኒን ግን መኖሪያ ቤት ውስጥ በፍጹም አያስቀምጡ። የሚለቀው ፎስፊን የሚባል ጋዝ ተኝቶ ያለን ሰው ይገድላል፤ ልጆች የሚያድሩበት ክፍል አጠገብ የሚቀመጥ ነገር አይደለም።

ሽሮዎን እህሉን ራስዎ ገዝተው ቢያስፈጩት ሌላም ጥቅም አለው። በተዘጋጀ የገበያ ሽሮ ውስጥ ጓያ ተቀላቅሎ እንደሆነ በዓይን መለየት ያስቸግራል። ጓያ ለወራት ዋና ምግብ ሆኖ ከተበላ እግርን ሽባ የማድረግ ጠባይ አለው። ሻጋታ የሸተተ በርበሬም «ያሳዝናል» ተብሎ ወጥ ውስጥ መግባት የለበትም፤ መጣል አለበት።

አሁን ወደ ድስቱ። አንድ ሳምንት ካለው ብቻ ለመሥራት ይሞክሩ። ሽሮ አንድ ቀን፣ ምስር በድንች ሌላ ቀን፤ ረቡዕና ዓርብ ለሚጾም ቤት የተልባ ወይም የሱፍ ፍትፍት ጓዳ ውስጥ ያለ ምሳ ነው። ባቄላ ፈጭተው፣ ሱፍና ሰናፍጭ ጨምረው ሥልጆ ቢጥሉ ለዐቢይ ጾም ይሆንዎታል፤ ጊዜ ይፈልጋል እንጂ ገንዘብ አይፈልግም። ለልጆች የጠዋት ብስኩት በሶ በማር ይተኩ፣ ለትምህርት ቤት ምሳ ዕቃ ጎን ቆሎ ይያዝላቸው። መጀመሪያ ያኮርፋሉ። ቆሎውን አብረው ሲቆሉ ግን ነገሩ ይለወጣል።

ትልቁ ብክነት ያለው እንጀራ ላይ ይመስለኛል። አራተኛው ቀን ላይ ሻጋታ ያየ እንጀራ ወደ ውጭ ይጣላል፤ እሱ ደግሞ ጤፉ፣ መብራቱና ድካሙ ነው። በሦስተኛው ቀን እንደማያልቅ ከታወቀ ቆራርሰው በንጹሕ ሰፌድ ላይ ፀሐይ ያስመቱት። ክረምት ላይ ገና ሙቀት ባለው ምጣድ ላይ ይዘርጉት። በደንብ የደረቀው ድርቆሽ ለወራት ይቀመጣል፤ ለፍርፍርም ከትኩሱ እንጀራ የተሻለ ነው ብዬ እከራከራለሁ። ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ሪፖርት በ2022 በዓለም ላይ ከ1 ቢሊዮን ቶን በላይ ምግብ ባክኗል፤ ከዚህ ውስጥ 60 በመቶው የባከነው በመኖሪያ ቤቶች ነው።

አንድ ነገር አይቀንሱ፤ የልጆችን እንቁላል፣ ወተትና ጎመን። በጓዳ ስም ልጅን ሽሮ ብቻ ማብላት ቁጠባ አይባልም። የተረፈውን ገንዘብ ወደዚያ ማዞር ይቻላል።

ከኪስ ይልቅ የሚያስቸግረው ይሉኝታ ነው። «እንግዳ ቢመጣስ?» «ጎረቤት ምን ይላል?» ይባላል። ድንገት የደረሰ እንግዳ የሚያመጣው ጭንቀት ለብዙዎቻችን የገበያው ዋና ሰበብ ነው። ለዚህ ጥቂት ቋንጣና አንድ ማሰሮ ንጥር ቅቤ ለብቻ ያስቀምጡ። ሽሮው ቅቤ ገብቶበት ሲንተከተክ፣ ወይም ድርቆሹ በቋንጣ ሲፈረፈር ቤቱ ራሱ ይሸታል፤ የጾም ቀን ከሆነም ተልባው አለ። ቡናው እስኪፈላ ይደርሳል።